የሥዕል ማደሪያ፦ ከመቅደስ ግድግዳ እስከ አዲስ አበባ ጋለሪዎች

በአዲስ አበባ ውስጥ ነጭ ግድግዳ፣ የተመጠነ መብራትና የእንግዳ መዝገብ ያለው፣ «ጋለሪ» ተብሎ የሚጠራ ቤት ስናይ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ልማድ ይመስለን ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሥዕልን በአንድ ቤት ሰብስቦ፣ በሥርዓት ደርድሮ፣ በታወቀ ሰዓት ለሕዝብ መግለጥ ለኢትዮጵያውያን ጥንታዊ ነገር ነው፤ አዲስ የሆነው ቤቱ የማን እንደ ሆነ፣ ሥዕሉ ለማን እንደሚሣልና በመዝገብ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ ብቻ ነው። ሥዕል ከቀድሞው ማደሪያው ወጥቶ ሌላ ማደሪያ እስኪሠራለት ድረስ ያለፈው ዘመን ረጅም ነበረ፤ በዚያም ዘመን መካከል ከእጃችን የወጣው ሥራ ብዙ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ መተረክ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በክብ ቤተ ክርስቲያን ከቅኔ ማኅሌት አልፎ ወደ ቅድስት የሚገባ ምእመን ቀና ሲል ከፊቱ የሚቆመው መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ነው፤ ይህም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ሆኖ፣ መጽሐፍ ማንበብ ለማይችለው ብዙ ሕዝብ የብሉይንና የሐዲስን ታሪክ፣ የሰማዕታትን ገድልና የእመቤታችንን ተአምር ያስተምረው ነበር። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ በጥጥ ሸማ ላይ ይሥልና ሸማውን በግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፤ ምን በየት እንደሚሣል የሚወስነውም የሠዓሊው ፈቃድ ሳይሆን ከአባቶች የተወረሰ ሥርዓት ስለ ነበረ፣ በፈረስ የተቀመጡት ሰማዕታት ስፍራቸው የታወቀ ነው፤ ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ ከሓድያንና አጋንንት ግን በጎን፣ ባንድ ዐይን ብቻ ይሣላሉ። የከበረው ሥዕል ደግሞ መጋረጃ ይደረግለትና መጋረጃው በጸሎትና በበዓል ሰዓት ይገለጥ ነበር። ይህን ልማድ ለሚያስተውል ሰው፣ አባቶቻችን ሥዕልን ማየት ዝግጅትና አክብሮት የሚፈልግ ተግባር አድርገው እንደ ቈጠሩት ግልጥ ነው፤ ሁልጊዜ የተገለጠውን ሥዕል ዐይን ይለምደዋል፣ ከለመደው በኋላም አያየውም።

ይህ ቤት ጠባቂም አሠሪም ነበረው። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በየበዓላቱ እንዲነበብ ሥርዓት ካቆሙ በኋላ፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ማለት እመቤታችን ከተወደደ ልጇ ጋር፣ የተሣለባቸው ገበታዎች በገዳማትና በአድባራት እጅግ ተፈላጊ ሆኑ። ፍሬ ጽዮን የተባለው ታላቅ ሠዓሊ የሠራው በዚያ ዘመን ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው ሥዕሉ ላይ ስሙ ተጽፎ ስለ ተገኘ የዛሬ ሊቃውንት ሌሎችን ሥራዎች ከእርሱ እጅ ጋር እያስተያዩ ሊለዩ ችለዋል። እንዲህ ያለው የስም ጽሕፈት ግን ብርቅ ነው። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት ያሠሯትን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ሲማጠኑ በግድግዳው ላይ ያገኛቸዋል፤ ፊታቸውንም፣ ልብሳቸውንም፣ ስማቸውንም ታሪክ ጠብቆልናል፤ ያን ፊትና ያን ልብስ በዚያ ውበት የሣለው እጅ ግን የማን እንደ ሆነ ግድግዳው አይናገርም። በየደብሩም እንዲሁ ነው፤ ሥዕሉን ያሠራው ሰው «ተማኅፀነ» ተብሎ በሥዕሉ ግርጌ ይጻፋል፣ የሣለው ግን ዋጋውን በሰማይ እንዲቀበል ይተዋል። ይህ ትሕትና በመንፈሳዊ ዐይን ሲታይ የሚያስመሰግን ነው፤ ለታሪክ ግን የሠዓሊውን ሕይወት፣ የመምህሩንና የደቀ መዝሙሩን ሐረግ፣ የሥራ ቤቱንም ስፍራ ሰውሮ ያስቀረ ትልቅ ጕድለት ሆኗል።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረችና በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ከተገኘ በኋላ የሥዕል ነገር ሌላ መንገድ ያዘ። ወደ መናገሻይቱ ከተማ የገቡት የውጭ አገር መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና ሐኪሞች ወደ አገራቸው ይዘውት የሚመለሱትን መታሰቢያ ይፈልጉ ነበርና፣ በቤተ ክርስቲያን ጥበብ ያደጉ ሠዓልያን፣ ከእነርሱም መካከል እንደ በላቸው ይመር ያሉት ስመ ጥሮች፣ የዐድዋን ጦርነት፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ የቤተ መንግሥቱን ግብርና የአደኑን ነገር እየሣሉ ይሸጡላቸው ጀመር። በዐድዋው ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ከሰማይ ለኢትዮጵያውያን ሲዋጋ፣ የኢጣልያ ወታደሮች እንደ ጥንቱ ከሓድያን በጎን ተሥለው ይታያሉ፤ የመቅደሱ ሕግ እንዳለ ወደ ዓለማዊው ታሪክ ተሻገረ ማለት ነው። ይህ በእኔ አስተያየት ለሥዕላችን ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ከመቅደስ የወጣው ሥዕል የሚያርፍበት ቤት አልነበረውም። እንደ ተሣለ ተጠቅልሎ ወደ ባቡር፣ ከባቡርም ወደ መርከብ ይሄዳል፤ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች ከሚገኙት መካከል ሠዓሊያቸው የማይታወቅ ብዙዎች የሆኑት ስለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን የአሠሪውን ስም ጽፋ የሠዓሊውን ስትተው፣ ገበያው ሁለቱንም ሳይጽፍ ቀረ።

ከዚህ ቀጥሎ በባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱት ሠዓልያን ዘመን መጣ። የጐንደሩ ተወላጅ አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው በመመለስ፣ የሰውን መልክ በዘይት ቀለም እንዳለ ማሳየትን ከቀደሙት መካከል ሆነው ለአገራችን አስተዋወቁ፤ የራሳቸውን መልክ የሣሉበትም ሥዕል እስከ ዛሬ ይታወሳል። ከእርሳቸው በኋላ የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ሥነ ጥበብን አጥንተው ሲመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ዐውደ ርእያቸውን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ከፈቱ። ከዚያ ዐውደ ርእይ ባገኙትም ገንዘብ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው ጥናታቸውን አስፋፉ። ስለ ስፍራው ጥቂት ላስተውል፤ ለሥዕል ተብሎ የተሠራ አንድም አዳራሽ በከተማይቱ ስላልነበረ፣ ለስብሰባና ለከተማ ሥራ የታነጸ ቤት ለሥዕል ተውሶ ነበር ማለት ነው። እኒሁ ሠዓሊ በኋላ በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካን ነጻነት የሚያሳየውን፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን የመስታወት ሥዕል ሠሩ፤ የገዛ ሥራዎቻቸውን ግን አብዛኛውን ጊዜ «ቪላ አልፋ» ብለው በሰየሙት መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ጠብቀው ያሳዩ ነበር። ሰው የራሱን ማሳያ ቤት በራሱ ገንዘብ እስኪሠራ ድረስ መገደዱ የዘመኑን ችግር በሚገባ ያስረዳል።

በዚያ ትውልድ መካከል ሌላ መንገድ የመረጡት አለ ፈለገ ሰላም ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ወገን ተወልደው፣ በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ ኃይላቸውን ሁሉ በ1950 ዓ.ም. ሥራውን ለጀመረው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሰጡ፤ ለብዙ ዓመታትም መሩት። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በእርሳቸው ስም ይጠራል። ሠዓሊ ለራሱ ስም ሥዕል ማብዛት ሲቻለው ለሌሎች ልጆች እርሳስና ቀለም ሲያከፋፍል ዕድሜውን መፈጸሙ የሚያስደንቅ መሥዋዕትነት ነው፤ ከዚያ ቤት ያልወጣ፣ ወይም ከዚያ ቤት በወጣ መምህር ያልተማረ የታወቀ የአገር ቤት ሠዓሊ ማግኘት ያስቸግራል። ትምህርት ቤቱ ግን በየዓመቱ ሠዓልያንን ሲያወጣ ሥዕላቸውን የሚያኖሩበትን ቤት ሊሠራላቸው አልቻለም። ተመራቂው ዐውደ ርእዩን በትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም እንደ ጀርመኑና እንደ ፈረንሣዩ ባሉ የባህል ተቋማት ይከፍታል፤ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ሥዕሎቹ ይወርዳሉ፣ ግድግዳው ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው ሁለቱ ታላላቆች የተገናኙት። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሐረር የተወለዱ፣ የአለቃ ደስታ ልጅ፣ አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የብራና መጻሕፍት አስጊያጭ ስለ ነበሩ የቀለምን ነገር ከቤት የቀሰሙ ነበሩ፤ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው በመመለስ በትምህርት ቤቱ አስተማሩ። የሰውና የዕቃ መልክ የማይነበብበትን ሥዕል ይዘው በመምጣታቸው «ይህ ምንድር ነው?» የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣባቸው፤ እርሳቸው ግን በቀይ ቀለም የተዋጠውን «ጎልጎታ»ን የመሰለ ሥራ አቅርበው፣ የክርስቶስን ሕማም ያለ ዝርዝር መልክ በቀለም ብቻ ማሳየት እንደሚቻል ገለጡ። በእኔ ዐይን «ጎልጎታ» ከመቅደሱ ግድግዳ አልራቀም፤ ሥርዓቱ ተለወጠ እንጂ ጸሎቱ ያው ነው። እስክንድር በጎሲያን ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ሆነው በለንደንና በፓሪስ ብዙ ዓመት ተቀምጠው፣ የጠልሰምን ምልክት፣ የአፍሪካን መንፈስና የዘመኑን የአውሮፓ ጥበብ ባንድነት አዋሕደው እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አገራቸው ገቡ፤ በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማሩት ጥቂት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ በተማሪዎቻቸው ላይ ያሳደሩት ግን እስከ ዛሬ በየዐውደ ርእዩ ይታያል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት በሥነ ጥበብ ረገድ ለአፈወርቅ ተክሌ በ1964፣ ለገብረ ክርስቶስ በ1965፣ ለእስክንድር በ1967 እ.ኤ.አ. መሰጠቱ መንግሥቱ ሠዓልያኑን ያከብር እንደ ነበር ያሳያል።

ክብሩ ግን ማደሪያ አልሆነም። የእስክንድርን ሥራ የፓሪሱ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1963፣ የኒው ዮርኩም በ1965 ሲገዙ፣ በገዛ ከተማቸው ሥራቸውን ገዝቶ ለልጅ ልጅ የሚያኖር የዘመናዊ ሥዕል ቤት አልነበረም። በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ እንደ ወሰኔ ኮስሮፍ ያሉት ኢትዮጵያውያን ከእርሳቸው እግር ሥር ተምረው የግእዝን ፊደል ራሱን የሥዕል አካል አደረጉት፤ እንዲህም ሆኖ ሌላ የኢትዮጵያ ሥዕል ማዕከል በባሕር ማዶ ተመሠረተ። እስክንድር እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው በዋሽንግተን ዐረፉ።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲመጣ የወሎን ረኃብ በታላቅ ሸራ የሣሉትን እሸቱ ጥሩነህን የመሳሰሉ ወጣት ሠዓልያን የሕዝቡን መከራ ወደ ሥዕል አስገብተው ነበር። ሥልጣኑን የያዘው ወታደራዊው ደርግ ግን ሥዕልን ለፖስተር፣ ለመሪዎች ምስልና ለአደባባይ ሰልፍ ሲያሰልፈው፣ አሠሪውም ገዢውም መንግሥት ብቻ ሆነ። በዚህ ዘመን ስለ ተሣለው ሁሉ በጅምላ መፍረድ አይገባም፤ ወደ ሶቭየት ኅብረት ተልከው በሌኒንግራድ የሰውን አካል አሣሣል በጥልቀት ያጠኑት እንደ ታደሰ መስፍን ያሉት መምህራን ያተረፉት ሙያ ለኋላው ትውልድ ትልቅ ሀብት ሆኖ ቀርቷል። ገብረ ክርስቶስ ግን አገራቸውን ለቀው ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ በስደት ሞቱ።

በግል ሰዎች እጅ የተቋቋሙ፣ ዋና ሥራቸው የዘመኑን ሥዕል ማሳየትና ማስተዋወቅ የሆነ ቤቶች በከተማይቱ ሥር የሰደዱት ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። ከእነዚህ ቀደምት አንዱ ሠዓሊዋ ቆንጂት ሥዩም እ.ኤ.አ. በ1996 የከፈቱት አስኒ ጋለሪ ነው፤ ገና ስማቸው ያልታወቀ ወጣቶችንና ገበያ የማይደፍረውን ሥራ ለማሳየት መድፈሩ ለዚህ ቤት በታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ይሰጠዋል። በቦሌ መንገድ የተከፈተው ማኩሽ ደግሞ ምግብ ቤትንና ሥዕልን ባንድ ጣሪያ ሥር አኑሮ፣ ጋለሪ መግባት የሚያፍረውን ከተሜ ከሥዕል ጋር አገናኘ። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል፣ በ2019 በጭቃና በጭድ፣ በአገር ባህል ግንበኞች ጥበብ የታነጸ ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ።

ጋለሪ ግድግዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማዘጋጃ ቤቱም ይበቃ ነበር። መልካም የጋለሪ ባለቤት የሚሠራው ሥራ ብዙው ከሕዝብ ዐይን የተሰወረ ነው። ወደ ሠዓሊው የሥራ ክፍል እየሄደ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሥራውን ይከታተላል፤ ከብዙው መካከል እርስ በርሱ የሚነጋገረውን ጥቂት ይመርጣል፤ ክፈፉን፣ የሚሰቀልበትን ከፍታ፣ የብርሃኑን አቅጣጫ ይወስናል፤ ዋጋውን ከሠዓሊው ጋር ተማክሮ ይተምናል፣ ከሽያጩም ድርሻውን ይቀበላል፤ ሠዓሊው የቤት ኪራይ በጨነቀው ወር ሥዕሉን በርካሽ እንዳይለቅ ይደግፈዋል። በድርሻው ምክንያት ጋለሪን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን ሠዓሊ በየሆቴሉ በር ሸራውን ተሸክሞ ከመዞር፣ የዋጋውንም ነገር ከእያንዳንዱ መንገደኛ ጋር ከመከራከር የዳነው በእነዚህ ቤቶች መሆኑን ሳስብ፣ ነቀፋው ሚዛን የሳተ ይመስለኛል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጋለሪው ይመዘግባል፤ ይህ ሥዕል የእገሌ ነው፣ በዚህ ዓመት ተሠርቶ በዚህ ዐውደ ርእይ ታየ፣ ለእገሌ ተሸጠ ብሎ ይጽፋል። ቤተ ክርስቲያን የአሠሪውን ስም ብቻ ከጻፈችበት፣ ገበያውም የማንንም ስም ካልጻፈበት ዘመን በኋላ፣ የሠዓሊውንና የገዢውን ስም ባንድ ገጽ ላይ ያገናኘ የመጀመሪያው የሥዕል ቤት ይህ ነው። የመክፈቻው ምሽት ግን ለጨዋታና ለመተያየት የተመቸ ስለ ሆነ፣ ሥዕሉን በእውነት ሊያይ የሚወድ ሰው በማግሥቱ ጧት፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት እንዲሄድ እመክራለሁ።

የገዢዎችም ነገር ቀላል አይደለም። ለብዙ ዓመታት የጋለሪዎቻችንን ደጅ የሚረግጡት ይልቁንም ኤምባሲዎችና የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ፤ እነርሱም የሥራ ዘመናቸውን ሲፈጽሙ ሥዕሉን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመን ወዳጆች ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የገብረ ክርስቶስ ደስታን ማዕከል፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክሩን፣ ሲከፍትና በጀርመን ተጠብቀው የቈዩት የሠዓሊው ሥራዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የተሰደደው ሰው በሥራው በኩል ወደ አገሩ ገባ ማለት ይቻላል። በዚሁ ቤት በአዲስ አበባ የተወለዱት የሠዓሊዋ የጁሊ ምሕረቱ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ታይተዋል። የማዕከሉ ኀላፊ የነበሩት ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስም ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የጻፉት መጽሐፍ በ2019 ታትሟል፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ሊጻፍ የሚችለው የተጠበቀ ሥራና የተጠበቀ ወረቀት ሲገኝ ነው።

በዚያው በ2016 ራኬብ ስሌና መሳይ ኃይለልዑል አዲስ ፋይን አርትን በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ በ2021ም በለንደን ሌላ ቤት ጨመሩ። ይህ ጋለሪ ያደረገውን ለመረዳት የታደሰ መስፍንን ነገር ማየት ይበቃል። ታደሰ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ያስተማሩ፣ ተማሪዎቻቸው በየስፍራው የታወቁ መምህር ሲሆኑ፣ በየገበያው ተቀምጠው የሚውሉትን ሴቶች እንደ ጥንቱ ቅዱሳን ፊት ለፊትና በግርማ የሚያሳዩት ሥዕሎቻቸው ለዓለም የታዩት በዕድሜያቸው ማምሻ፣ በዚህ ጋለሪ በኩል ነው። የትምህርት ቤቱ ፍሬ የሆነችው የመሪኮከብ ብርሃኑ ሥራዎችም እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ታዩ፤ ኢትዮጵያም በ2024 በቬኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስትከፍት ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ ወክሏታል።

እነዚህን ቤቶች የሚመሩትን ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ኪራይ ሲወደድ ወይም ባለቤቱ ሲደክም ጋለሪ ይዘጋል፣ ከመካከላቸው የተዘጉም አሉ፤ ቤቱ ሲዘጋ የዐውደ ርእዩ መጥሪያ፣ የሥዕሎቹ ዝርዝርና የሽያጩ መዝገብ አብረው እንዳይጠፉ፣ ግልባጩን በሕይወት ሳላችሁ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ወይም ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስረክቡ። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ያላችሁ አንባቢዎችም፣ የሠዓሊውን ሙሉ ስም፣ ሥዕሉ የተሠራበትንና የገዛችሁበትን ዓመት ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ ከክፈፉ ጀርባ አኑሩት።